ከወሊድ በኋላ የመጣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፦ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው?

የ5 ወር እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከወለድኩ 5 ወር ሆኖኛል፤ ልጄ የሚጠባው ጡት ብቻ ነው። በደም ምርመራ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያዝዘው ሆርሞን፤ ዕጢው ሲደክም ይጨምራል) 18 ወጣ። ወረቀቱ ላይ መደበኛው ከ0.4 እስከ 4.0 ነው ይላል። ፍሪ ቲ4 (ዕጢው ራሱ የሚሠራው ሆርሞን) ከመደበኛው በጥቂቱ ዝቅ ብሏል፣ የቲፒኦ አንቲቦዲም (የራስን ታይሮይድ የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ) ከፍ ያለ ነው ተብያለሁ። ከእርግዝና በፊት የታይሮይድ ችግር አልነበረብኝም። በ2ኛው ወር ላይ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ላብ ነበረኝ፤ በራሱ ጊዜ ጠፋ። አሁን ያለው ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የፀጉር መርገፍ ነው። የሆርሞኑ ምትክ የሆነውን ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። የብረት ክኒንና ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚንም እወስዳለሁ።

የማላውቃቸው እነዚህን ነው፦ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው ወይስ አንድ ቀን ይቆማል? በወተት በኩል ልጁ ጋ ይደርሳል? ሌሊት 3 ጊዜ የሚነሳ ሰው «በባዶ ሆድ ውሰጂ» የሚባለውን እንዴት አድርጎ ይፈጽመዋል? በ3 ሳምንት ምንም ለውጥ አለመኖሩስ መጠኑ አንሷል ማለት ነው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
እህቴ፣ ትልቁን ፍንጭ ራስሽ ጽፈሽዋል። በ2ኛው ወር የነበረው የልብ ምት መፍጠንና የአሁኑ ድካም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሳይሆኑ የአንድ በሽታ ሁለት ምዕራፎች ይመስላሉ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ታይሮይዳይቲስ ይባላል፤ የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በእርግዝና ወቅት የሰውነት መከላከያ ረገብ ይላል። ከወሊድ በኋላ መልሶ ሲጠናከር፣ የቲፒኦ አንቲቦዲ ባላት ሴት ላይ የራሷን ዕጢ ያጠቃል። የተጎዳው ዕጢ አስቀድሞ ሠርቶ ያከማቸውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይለቃል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ከ1 እስከ 4 ወራት ውስጥ ይታያል፣ ያኔ ነው ልብ የሚመታው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው። ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ዕጢው ገና ስላላገገመ በቂ አዲስ ሆርሞን ማምረት አይችልም። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር አካባቢ የሚመጣው ማነስ ይህ ነው። አንዳንዷ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ፣ አንዳንዷ ሁለተኛውን ብቻ ታያለች፤ ሁለቱንም የምታይም አለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳቱበት አንድ ነገር ልጨምር። በፈጣኑ ምዕራፍ ላይ የታይሮይድን ምርት የሚገቱ መድኃኒቶች አይሠሩም። ዕጢው ከመጠን በላይ እያመረተ አይደለማ፤ ያለውን እያፈሰሰ ነው። የልብ ምቱ ካስቸገረ ምልክቱን ለማርገብ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ ይሰጣል። ግሬቭስ የሚባለው፣ ዕጢው በእርግጥ ከመጠን በላይ የሚያመርትበት በሽታ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይጠፋም፣ ሕክምናውም ይለያል። የልብ ምቱ መፍጠን ከወራት በኋላም ያልቆመላት፣ ወይም ዓይኗ የተገፋና የፈጠጠ እናት የቲኤስኤች ተቀባይን የሚያነቃቃው አንቲቦዲ ይመርመርልኝ ብላ ትጠይቅ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የዕድሜ ልክ ነው ወይ? ዛሬ ላይ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም፤ አብዛኞቹ ሴቶች ግን ከወሊድ በኋላ እስከ 12 ወይም 18 ወር ባለው ጊዜ ዕጢያቸው ያገግማል። ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው ደግሞ ማነሱ ቋሚ ይሆንባቸዋል። ቲኤስኤች በጣም ከፍ ያለባቸውና አንቲቦዲያቸው ብዙ የሆነባቸው ወደ ቋሚነት የማዘንበል ዕድላቸው ይበልጣል። ቲኤስኤች ከ10 በላይ ሆኖ ምልክትም ካለ መድኃኒት መጀመሩ ትክክል ነው፤ ስለዚህ የታዘዘልሽን አትጠራጠሪ።

የማቆሙ ሙከራ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ደህና ስለሆንኩ ብሎ በአንድ ቀን መጣል አይደለም። መድኃኒቱ ከተጀመረ 12 ወር ገደማ ሲሆነው ሐኪምሽ መጠኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ያንቺ ከ50 ወደ 25 ማይክሮግራም ማለት ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤች ይለካል። በመደበኛው ውስጥ ከቆየ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ከሌላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል። በየትኛውም ደረጃ ላይ ቲኤስኤች ሽቅብ ከወጣ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ነው፤ ያኔ ዕጢው ያልቻለ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ እየሞከረች ያለች ሴት ይህን ሙከራ አታድርግ። ሙሉ በሙሉ ያገገመችም ብትሆን ቲኤስኤች በየዓመቱ ትለካ፤ ማነሱ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና።

ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሌቮታይሮክሲን ስትወስዱ የነበራችሁ ግን የእናንተ ነገር ይለያል። በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ተጨምሮ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ያ ተጨማሪ አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ ወዲያው ወደ ቅድመ እርግዝናው መጠን ይመለሳል፣ በ6ኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ደም ይታያል። በእርግዝናው መጠን የምትቀጥል እናት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፤ ሁሉንም በልጁ ታሳብባለች።

በመጨረሻ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት፣ ወተት አልመጣላት ብሎ፣ የወር አበባዋም ሳይመለስ ለቀረና ለምትዝል እናት፦ ቲኤስኤች «ደህና ነው» ቢባልም እዚያ ላይ አይቁም። ከፍተኛ የደም መፍሰስ በአንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ ዕጢ ሊጎዳ ይችላል፤ ሺሃን ሲንድሮም ይባላል። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው ይህ ዕጢ ነው፤ ያኔ ትእዛዝ ሰጪው ስለተጎዳ ቲኤስኤች አይጨምርም፣ ፍሪ ቲ4 ግን ዝቅ ይላል። በዚህ ሁኔታ ኮርቲሶል (ሰውነት ጫናን እንዲቋቋም የሚያደርገው ሆርሞን) ሳይለካና ጉድለቱ ሳይሞላ ሌቮታይሮክሲን ብቻውን ቢጀመር ለሕይወት ያሰጋል። ብዙ ሴት አይገጥማትም፤ የገጠማት ግን ለዓመታት «ድካም ነው» እየተባለች ትንገላታለች።

ፋርማሲስት፦
ሐኪሙ በሽታውን ጥሩ አድርገው አስረድተዋል፤ እኔ ስለ አወሳሰዱ ልጻፍ። መድኃኒቱ አልሠራም የሚባልበት ብዙው ምክንያት ያለው አወሳሰዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ 3 ሳምንቱ። ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ተጠራቅሞ አንድ ደረጃ ላይ የሚረጋውም ቀስ ብሎ ነው፤ 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 3 ሳምንት ላይ መጠኑ አነሰ፣ በዛ ማለት አይቻልም። ከዚያ በፊት እየለኩ መጠን የሚቀያይሩ ሰዎች ቁጥሩን ወዲያና ወዲህ ሲያሳድዱ ይከርማሉ። ብርድ ብርድ ማለቱና የሆድ ድርቀቱ ቀድመው ሊሻሉ ይችላሉ፤ ቆዳና ፀጉር ወራት ይፈልጋሉ።

ባዶ ሆድ ማለት ክኒኑ ከምግብና ከቡና በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ማለት ነው። በቡና ወይም በወተት አይዋጥም። ሌሊት መነሳትሽ ችግር መስሎ ቢታይሽም ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ከአልጋሽ አጠገብ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ የአንድ ቀን ክኒንና ውሃ አስቀምጪ። ጎህ ሳይቀድ ልጁን ለማጥባት ስትነሺ ዋጪውና ተመልሰሽ ተኚ። እስክትነሺ ድረስ ሰዓቱ ያልፋል፣ ቁርስ ለመብላትም መጠበቅ አይኖርብሽም። ሌሊት እየተነሳሽ የምትበዪ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሆንሽም፤ ያኔ እራት ከተበላ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ማታ መውሰድ ይቻላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪና በዚያው ጽኚ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ማታ፣ አንድ ቀን ከቁርስ ጋር ሲሆን ከሆድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በየቀኑ ይለያያል፤ የደም ምርመራው ውጤትም ትርጉም ያጣል።

የብረት ክኒኑ ነገር ደግሞ ዋናው ነው። ብረት ሆድ ውስጥ ከሌቮታይሮክሲን ጋር ይጣበቅና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። ካልሲየም፣ ለቃር የሚወሰዱ አሉሚኒየም ያለባቸው መድኃኒቶችና ብረት ወይም ካልሲየም ያለበት መልቲቫይታሚንም እንዲሁ ናቸው። ንጋት ላይ ታይሮይድ፣ ከምሳ በኋላ ብረት ብለሽ ብትለያቸው አይገናኙም። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ አሲድ ቀናሾችን በሰዓት ብቻ መለየት አይበቃም፤ አሲዱ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንስ መድኃኒቱ በደንብ አይሟሟም። እነሱን ስትጀምሪም ሆነ ስታቆሚ ለሐኪምሽ ንገሪ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያም የሚያስፈልግሽን መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከጀመርሽ ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይታይ።

ክኒን ከረሳሽ በዚያው ቀን ባስታወስሽበት ሰዓት ሆድሽ ባዶ ሲሆን ውሰጂው። ቀኑ ካለፈ በተለመደው ቀጥዪ፤ ሐኪምሽ ካላለሽ በስተቀር ደርበሽ አትዋጪ። አንድ ቀን መዝለል በራሱ ጉዳት የለውም፣ በሳምንት 2 እና 3 ቀን መዝለል ግን መጠን መቀነስ ማለት ነው።

መድኃኒቱን ስትቀበዪ ደግሞ ፓኮው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አንዳንዱ 50 ማይክሮግራም ብሎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ 0.05 ሚሊግራም ይላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። 0.1 ሚሊግራም ግን 100 ማይክሮግራም ነው፣ ያንቺ እጥፍ። የሌላ አምራች ክኒን ከተሰጠሽ መጠኑ አንድ ቢሆንም ከ6 ሳምንት በኋላ ደም መለካት ይገባል። መድኃኒቱ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፤ የሳምንቱን ሁሉ አውጥተሽ በግልጽ ዕቃ አታስቀምጪ። መታጠቢያ ቤትም ቦታው አይደለም።

የ5 ወር እናት፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ብረቱንና ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት ጠዋት አንድ ላይ ነበር የምውጠው። የደም ምርመራ ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። የፀጉር ቫይታሚኑ ጠርሙስ ላይ «ባዮቲን 5 ሚሊግራም» ይላል፣ እሱም ችግር አለው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
አዎ፣ አለው። ዕጢሽን አይጎዳም፤ የምርመራ ውጤቱን ግን ሊያሳስት ይችላል። አንዲት አጥቢ እናት በቀን የሚያስፈልጋት ባዮቲን 35 ማይክሮግራም ገደማ ነው። አንቺ የምትወስጂው 5 ሚሊግራም ማለት 5,000 ማይክሮግራም ነው፤ ከ140 ጊዜ በላይ እጥፍ። ብዙ የሆርሞን መለኪያ መሣሪያዎች ደግሞ ሆርሞኑን የሚይዙት ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ተጠቅመው ነው። በደም ውስጥ ብዙ ባዮቲን ሲኖር ማያያዣውን ይሻማል። በዚህም ቲኤስኤች በውሸት ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4 በውሸት ከፍ ብሎ ይወጣል። ይህ የሚያስከትለውን አስቢው፦ ሆርሞን ያነሰባት እናት ደህና ትባላለች፣ መጠኑ የተስተካከለላት ደግሞ በዛብሽ ተብላ ይቀነስባታል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ሙሉ ቀን አቁሚው፤ የሚወስዱት መጠን ከዚህም ከበዛ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ከዚያ በላይ ማቆየት ነው። ደም ለሚቀዳው ሰውም ንገሪ።

ቀጠሮውን በተመለከተ፣ ብረቱን ዛሬ ብትለዪው መድኃኒቱ በትክክል መግባት የሚጀምረው ከዛሬ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣው ቁጥር የቀድሞውን አወሳሰድ እንጂ አዲሱን አያሳይም። ለሐኪምሽ ይህን በግልጽ ነግረሽ ቀጠሮው ከዛሬ 6 ሳምንት ቢሆን ይሻል እንደሆነ ጠይቂ። ካልነገርሽው ግን ቁጥሩን አይቶ መጠን ሊጨምር ይችላል፣ ከዚያ ብረቱ ሲለይ መድኃኒቱ ይበዛብሻል።

በምርመራው ጠዋት ክኒኑን አትዋጪ፤ ደም ከተሰጠ በኋላ ይወሰዳል። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ፍሪ ቲ4 ለጊዜው ከፍ ስለሚል ነው። ንጋት ላይ የመዋጥ ልማድ ከያዝሽ ያን ቀን ተጠንቀቂ፣ በእንቅልፍ ልብ ይዋጣል። ቲኤስኤችም በቀን ውስጥ ይለዋወጣል፤ ሌሊትና ማለዳ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። በተቻለ መጠን በአንድ ላብራቶሪ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተለኪ።

ውጤት ስታወዳድሪ መለኪያውን እዪ። ፍሪ ቲ4 በአንዱ ቦታ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ በሌላው በፒኮሞል በሊትር ይጻፋል፤ 1 ናኖግራም በዴሲሊትር ከ12.9 ፒኮሞል በሊትር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 0.7 የነበረው በሌላ ቦታ 9 ሆኖ ቢወጣ አልጨመረም፣ ያው ነው። የቲፒኦ አንቲቦዲን በየጊዜው ማስለካት ግን አያስፈልግም። መኖሩ አንዴ ከታወቀ ቁጥሩ ወጣ ወረደ ተብሎ የመድኃኒት መጠን አይቀየርም።

አዋላጅ ነርስ፦
ስለ ጡት ማጥባቱ ማንም አልመለሰልሽም። አጥቢ፣ አትፍሪ። ሌቮታይሮክሲን ዕጢው ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ ነው፤ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፣ ልጁን አይጎዳም። እንዲያውም ያልታከመ የሆርሞን ማነስ የወተት መጠንን ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱን ለልጁ ብላ የምታቆም እናት ባሰበችው ተቃራኒ ትጎዳዋለች። መጠንቀቅ ያለብሽ ከሌላ ነገር ነው፦ ማንም ሰው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚደረግ የታይሮይድ ምርመራ ቢያዝልሽ አጥቢ መሆንሽን አስቀድመሽ ተናገሪ። እሱ ከጡት ማጥባት ጋር አይሄድም።

አዮዲንን በተመለከተ ለአጥቢ እናት በቀን የሚመከረው 250 ማይክሮግራም ነው። «ለታይሮይድ ጥሩ ነው» ተብሎ ከባሕር አረም የሚሠራ ክኒን ግን አትውሰጂ። አንዳንዱ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ አዮዲን አለው፤ የተጎዳ ዕጢ ብዙ አዮዲን ሲደርስበት ይባስ ብሎ ማምረቱን ያቆማል፣ በወተት በኩልም የልጁን ዕጢ ሊነካ ይችላል።

ፀጉርሽ የሚረግፈው በታይሮይዱ ብቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ አንድ ላይ መርገፍ ይጀምራል፤ ልጁ 1 ዓመት እስኪሞላው አብዛኛው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት መድኃኒት አስጨምሪ የሚሉሽን አትስሚ። ፌሪቲን፣ ማለትም የተከማቸ ብረት፣ ካልታየልሽ ይታይ፤ የደም ማነስ ድካም ከታይሮይድ ድካም ጋር በስሜት አይለይም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የታይሮይድ ማነስና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድባቴ ሕመም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩም ይችላሉ። «ታይሮይድሽ ነው፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ይለቅሻል» ተብላ ድባቴዋ ሳይታከም የምትቀር እናት አለች። ሌላዋ ደግሞ የድባቴ መድኃኒት እየወሰደች ቲኤስኤች አልተለካላትም። ሁለቱም ይጠየቁ። ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ የደም ውጤት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ።

ሌላ ልጅ ስታስቢ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ቲኤስኤች ይታይ። እርግዝና ሲረጋገጥ በሳምንት 2 ተጨማሪ ክኒን ወዲያው መጀመር ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
የእህታችን ምክር ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ላይ ግን አንድ ማስተካከያ አለኝ። በሳምንት 2 ተጨማሪ ክኒን፣ ማለትም በ7 ፋንታ 9፣ የሚመለከተው በዚያን ጊዜም ሌቮታይሮክሲን እየወሰደች ያለችን ሴት ነው፤ ይህንንም ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ በጽሑፍ ትያዝ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ በእናቱ ሆርሞን ላይ ስለሚደገፍ ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቁ ጊዜ ያባክናል። ከዚያ በኋላ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ቲኤስኤች ይለካል። መድኃኒቱን አቁማ ያገገመች ሴት ግን በራሷ አትጀምር፤ እርግዝናው እንደታወቀ ትመርመር፣ ውጤቱ ይወስናል። ይህ የዕጢ መቆጣት አንዴ የደረሰባት እናት በሚቀጥለው ወሊድ እንደገና የመያዝ ዕድሏ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ያኔ ምልክት ሳትጠብቅ ከወሊድ በኋላ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ደሟ ይታይ።

ለአሁኑ ግን፣ እህቴ፣ ብረቱን ለዪ፣ ባዮቲኑን አቁሚ፣ ዛሬ የለወጥሽበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ። ለሐኪምሽ መጀመሪያ የምትነግሪው ያን ቀን ይሁን።

የ5 ወር እናት፦
ጽፌዋለሁ፣ ዶክተር። እንዳሉኝ ነገ ደውዬ ስለ ቀጠሮው እጠይቃለሁ።